ኢን ዘ ኸርት ኦፍ ዘ ሲ፦ በተበላሸ ቅጂ አይታችሁ አትፍረዱበት

ስንታየሁ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ አንድ ፊልም ልጽፍ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት በ2016 አዲስ አበባ እያለሁ ነው። ሰፈራችን ካለ አንድ ቤት ፍላሽ ላይ አስጭኜ ወሰድኩት። ሲኒማ ውስጥ ተደብቀው በካሜራ የቀዱት ነበር። ባሕሩ ጥቁር ነው። ሰማዩም ጥቁር ነው። ዓሣ ነባሪው መርከቡን ሲመታ ድምፁ ይሰማል እንጂ የቱ ጋ እንዳለ አይታይም። ግማሹ ላይ ስደርስ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ስሙ በተነሳ ቁጥር «እሱን ተዉት፣ አይረባም» እያልኩ ስንቱን ሰው አስቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ አንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ብሉሬዩን (ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዘውን ዲስክ) በ3 ዶላር አገኘሁት። ቤት ገብቼ መብራት አጥፍቼ አየሁት። ፊልሙ ያ ፊልም አይደለም።

ላላያችሁት በአጭሩ። የ2015 ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ሮን ሃዋርድ ነው። ክሪስ ሄምስዎርዝ የመርከቧ የመጀመሪያ መኮንን ኦወን ቼዝን ሆኖ ይሠራል። ቤንጃሚን ዎከር ካፒቴን ፖላርድን፣ ቶም ሆላንድ ደግሞ ትንሹን ልጅ ኒከርሰንን። ኤሴክስ የተባለችው የአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ በ1820 ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ላይ በዓሣ ነባሪ ተመትታ ሰጠመች። ሰዎቹ በሦስት ትናንሽ ጀልባዎች ለሦስት ወር በረሃብና በጥም ተንገላቱ። እውነተኛ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ምስሉ ልምጣ። ካሜራውን የያዘው አንቶኒ ዶድ ማንትል ነው። በ«ስለምዶግ ሚሊየነር» ኦስካር የወሰደው ሰውዬ። እዚህ ፊልም ላይ ካሜራውን የማይገባበት ቦታ አስገብቶታል። ከገመዱ ሥር፣ ከውሃው አፍ ላይ፣ ከሰው ትከሻ ጀርባ። ቅርብ ያለው ነገር ግዙፍ ሆኖ ግማሹን ስክሪን ይሸፍናል፣ ሰውየው ከኋላው ትንሽ ይሆናል። በፍላሹ ቅጂ ይህ ሁሉ «የማይታይ ነገር ከፊት ተጋረጠ» ነበር የሚመስለኝ። በዲስኩ ላይ የገመዱን ጭረት፣ በእንጨቱ ላይ የደረቀውን ጨው ታያለህ።

አንድ ትዕይንት ብቻ ልንገራችሁ። ዓሣ ነባሪውን ገድለው ከቆራረጡ በኋላ ትንሹን ልጅ ጭንቅላቱ ውስጥ ያስገቡታል። ውስጥ የቀረውን ዘይት እንዲቀዳ ነው። ልጁ አፍንጫውን ይዞ ይገባል። በድሮው ቅጂ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጨለማ ብቻ ነው ያየሁት። በብሉሬዩ ግን ግድግዳው ሥጋ መሆኑ ይታያል። እርጥበቱ ያብረቀርቃል። ሽታው የመጣብኝ መሰለኝ።

የቀለሙ ነገር ያከራክራል። ወደ አረንጓዴና ወደ ቢጫ ያደላል። ያረጀ ሥዕል ይመስላል። እኔ ወድጄዋለሁ። ድክመትም አለው፣ አልደብቅም። ምስሉ ሲጠራ በኮምፒውተር የተሠራው ነገርም አብሮ ይጠራል። መጀመሪያ ላይ መርከቧ የምትነሳበት የናንታኬት ወደብ ሲታይ ከኋላ ያለው ሰማይ የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል። ዓሣ ነባሪው ግን አያሳፍርም። ቆዳው ላይ ያለው ጠባሳ አንድ በአንድ ይታያል።

እናንተስ በምን አያችሁት?

ሐና (ሳሪስ)

ስንታየሁ፣ እኔም በፍላሽ ነው ያየሁት። ግን ችግሩ ቅጂው ብቻ አይመስለኝም። ታሪኩ ራሱ ልብ አይዝም። ካፒቴኑና መኮንኑ ይኮራረፋሉ፣ ከዚያ ይታረቃሉ። ሰዎቹ በረሃብ ሊያልቁ ደርሰው ልቤ ሲሰቀል፣ አርጅቶ ታሪኩን ወደሚተርከው ወደ ሽማግሌው ኒከርሰንና ወደሚያዳምጠው ጸሐፊ፣ «ሞቢ ዲክ»ን ወደ ጻፈው ሄርማን ሜልቪል ይመልሰናል። ሁለት ሰው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያወራ። እኔ ጀልባው ላይ መቆየት ነበር የምፈልገው።

ጥሩ ዲስክ ይህን ያስተካክለዋል እንዴ?

ዳዊት (የድምፅ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ)

ሐናዬ፣ ድርሰቱን አያስተካክለውም። ግን እስቲ ይህ ፊልም ለምን ከሌላው በባሰ እንደሚበላሽ ልንገርሽ። ሥራዬ ነው፣ ዝም ማለት አልችልም።

ቪዲዮ ሲታመቅ ዘዴው ቀላል ነው። ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ ያልተለወጠውን ነገር ደግሞ አይመዘግብም። ሰው ግድግዳ ፊት ቆሞ ሲያወራ የሚንቀሳቀሰው አፉ ብቻ ነው። ግድግዳው አንዴ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ባሕር ግን? እያንዳንዱ ሞገድ፣ እያንዳንዱ ጠብታ፣ ጭጋጉ፣ ዝናቡ በየቅጽበቱ ሌላ ነው። የሚቀመጥ ነገር የለም። ፋይሉ ያለችው ቦታ ያልቅበታል። ያኔ ውሃው ካሬ ካሬ ይሠራል፣ ጥቁሩ ቦታ ይጨማለቃል። ስለዚህ በታመቀ ቅጂ በጣም ከሚጎዱት ውስጥ የባሕር ፊልም አንዱ ነው።

ቁጥሩን እዩት። ፊልሙ 122 ደቂቃ ነው። ያ በ700 ሜጋባይት የሚዞረው ቅጂ በሰከንድ ከ1 ሜጋቢት በታች ነው የሚደርሰው (አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው)። ብሉሬይ ለምስሉ ብቻ በሰከንድ እስከ 40 ሜጋቢት ድረስ መሄድ ይችላል። ዲቪዲ እንኳን በአሜሪካው ዓይነት 720 በ480 ነጥብ ነው። ብሉሬይ 1920 በ1080 ነው። በጠቅላላ የነጥብ ብዛት ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው። በኢንተርኔት የሚታየውም ቢሆን ኤችዲ ይባል እንጂ ከዲስኩ በብዙ ያንሳል። ረጋ ባለ ፊልም ላይ ልዩነቱ አይታወቅሽም። ማዕበል ሲነሳ ግን ወዲያው ይታያል።

አሁን ድምፁ። ዲስኩ ዶልቢ አትሞስ አለው፣ ድምፅን ከዙሪያም ከላይም የሚያሰማው ዘዴ። ምንም ሳይቀነስ ከስቱዲዮ እንደወጣ ነው የሚሰማው። ጥሩ ስፒከር ላለው ሰው የመርከቧ እንጨት ከራሱ በላይ ሲንጫጫ ይሰማዋል። ሸራው ነፋስ ሲይዝ ከኋላ ወደ ፊት ያልፋል። ዓሣ ነባሪው ከሥር ሲመጣ መጀመሪያ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር፣ ሰብዉፈሩ ብቻ ነው የሚያውቀው። ደረትሽ ላይ ነው የሚደርስሽ። ሁለት ስፒከር ብቻ ቢኖርሽም ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አድርገሽ ሞክሪው።

ስለ ድምፅ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ስፐርም የሚባለው ዓሣ ነባሪ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ያወጣል። የድሮ መርከበኞች ከመርከባቸው ሆድ ሥር ሲሰሙት የመዶሻ ድምፅ ስለመሰላቸው «አናጢው ዓሣ» ብለውት ነበር። አሁን ይህን ከኤሴክስ ጋር እናያይዘው። ዓሣ ነባሪው በመጣበት ሰዓት እውነተኛው ኦወን ቼዝ መርከቧ ላይ የተሰበረች ጀልባ እየጠገነ ነበር። በመዶሻ ይመታል። ድምፁ በእንጨቱ አልፎ ወደ ውሃው ይወርዳል። ያ መዶሻ ለወንዱ ዓሣ ነባሪ እንደ ሌላ ተቀናቃኝ ወንድ ድምፅ ተሰምቶት ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ይህን ካነበብኩ በኋላ የፊልሙን ድምፅ በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው።

ጋሽ ታምሩ (ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር)

ልጆቼ፣ ደስ የሚል ጨዋታ ይዛችኋል። እኔ ስለ ብሉሬይ ብዙም አላውቅም። ታሪኩን ግን ለዓመታት ተከታትዬዋለሁ።

ኤሴክስ ከናንታኬት የተነሳችው ነሐሴ 1819 ነው (እኔም ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ናንታኬት ማሳቹሴትስ ጠረፍ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። በዚያን ዘመን ብዙ የመብራት ዘይት ከእንዲህ ዓይነት ወደብ ነበር የሚወጣው። የስፐርም ዓሣ ነባሪ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ያለ ጢስ ይነዳል። ጥሩ ሻማም ይወጣዋል። ለዚያ ሲሉ ነው ሁለትና ሦስት ዓመት ባሕር ላይ የሚቆዩት። ካፒቴን ጆርጅ ፖላርድ ሲነሳ 28 ዓመቱ ነበር። ኒከርሰን 14።

ኅዳር 20 ቀን 1820 መርከቧ ሁለት ጊዜ ተመታች። ቼዝ የዓሣ ነባሪውን ርዝመት 85 ጫማ ያህል ገምቶታል። መርከቧ ራሷ 87 ጫማ ነበረች። እንግዲህ እኩያሞች ናቸው ማለት ነው። ሃያ ሰዎች በሦስት ጀልባ ወጡ። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን የተመደበለት 170 ግራም የሚሆን ደረቅ ብስኩትና አንድ ብርጭቆ የማትሞላ ውሃ ነበር። ብስኩቱ የእኛ ወታደሮች ኮቾሮ የሚሉት ዓይነት ነው። እሱም የባሕር ውሃ ነካው። በበሉት ቁጥር ጥሙ ባሰባቸው። ከጋላፓጎስ ደሴቶች የያዟቸውን ኤሊዎች አርደው ደማቸውን የጠጡበት ጊዜ አለ።

በታኅሣሥ መጨረሻ ሄንደርሰን የምትባል ሰው የሌለባት ደሴት ደረሱ። ለሳምንት ያህል ወፍና እንቁላል በሉ፣ ምግቡ አለቀ። ሦስት ሰዎች እዚያው እንቀራለን አሉ። የቀሩት እንደገና ወደ ባሕር ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። የሞተውን መብላት ጀመሩ። በየካቲት 1821 በካፒቴኑ ጀልባ ዕጣ ተጣለ። ዕጣው በ18 ዓመቱ ኦወን ኮፊን ላይ ወጣ። የካፒቴኑ የአክስት ልጅ ነው። ካፒቴኑ «እኔ ልተካህ» አለው። ልጁ እምቢ አለ። የተኮሰው የልጅነት ጓደኛው ቻርልስ ራምስዴል ነው።

ፊልሙ ይህን ለውጦታል። በፊልሙ ዕጣው በካፒቴኑ ላይ ይወጣና ልጁ ራሱን ያጠፋል። ለምን እንደለወጡት ይገባኛል። የተመልካቹን ልብ ለማዳን ነው። እውነቱ ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ጓደኛው በሕይወት ተርፎ ያንን ተሸክሞ ኖሯል። ያ ነበር መታየት ያለበት።

ሌላም አለ። በፊልሙ ዓሣ ነባሪው ጀልባዎቹን እየተከተለ ይመጣል። በእውነተኛው ታሪክ ሁለተኛ ከመታቸው በኋላ ሄደ። ዳግም አላዩትም። ሄርማን ሜልቪልም በፊልሙ እንደሚታየው ሽማግሌውን ኒከርሰን በ1850 ሄዶ አላነጋገረውም። የቼዝን የ1821 መጽሐፍ ነው ያነበበው። ፖላርድን ያገኘው በ1852 ነው፣ የራሱ መጽሐፍ «ሞቢ ዲክ» ከወጣ በኋላ። ያኔ ፖላርድ ናንታኬት ውስጥ የሌሊት ዘበኛ ነበር። ሁለተኛ የተሰጠችው መርከብም በ1823 ሃዋይ አካባቢ ከድንጋይ ጋር ተላትማ ሰጥማበታለች። የደሴቲቱ ሰው ከምንም አይቆጥረውም። ሜልቪል ግን እንደዚያ ሰው ልቡን የነካው እንደሌለ ጽፏል። ፖላርድ በየዓመቱ ኅዳር 20 ቀን ክፍሉን ዘግቶ ይጾም ነበር ይባላል።

ሐና ልጄ፣ የሽማግሌው ክፍል ያሰለቸሽ ለዚህም ይመስለኛል። ያልሆነ ነገር ስለሆነ ጸሐፊዎቹ ከራሳቸው ፈጥረው መሙላት ነበረባቸው። መጨረሻ ላይ ፔንሲልቬንያ ውስጥ መሬት ተቆፍሮ ዘይት ወጣ ሲባልም ትሰሚያለሽ። ያ ጉድጓድ ግን የተቆፈረው በ1859፣ ፊልሙ ሁለቱን ካገናኘበት ከ1850 ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ ነው።

ባሕረኛው

ጋሽ ታምሩ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሳላውቀው የኖርኩትን ነገር ነው የነገሩኝ።

እኔ ባሕር ዳር ነው የማሪታይም ትምህርቴን የጨረስኩት። ከዚያ ሰባት ዓመት ንግድ መርከብ ላይ ሠርቻለሁ። ፓስፊክን ብዙ ጊዜ አቋርጬዋለሁ። ይህን ፊልም ያየሁትም እዚያው ነው፣ በመርከቧ ሳሎን ውስጥ፣ ከሦስት አገር ልጆች ጋር። ዲቪዲ ነበር። ሲያልቅ የተናገረ ሰው አልነበረም። አንዱ ፊሊፒናዊ ተነስቶ ወደ ዴክ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ዝም ብለን ባሕሩን አየን።

ስለ ቀለሙ የምለው አለኝ። ጥልቁ ፓስፊክ አረንጓዴ አይደለም። ቀለም እንደደፋህበት ነው፣ ድፍን ሰማያዊ። ፀሐይ ስትሆን ዓይን ያማል። ስንታየሁ አረንጓዴውን ወድጄዋለሁ አልክ። እኔን ግን ረበሸኝ። ያ ባሕር የሚያስፈራው ጨለማ ስለሆነ አይደለም። በጣም ቆንጆ ሆኖ ምንም የሚጠጣ ነገር ስለሌለው ነው። ፊልሙ ሰማዩን ሁልጊዜ ሲያጠቁረው ያ ፍርሃት ይቀንሳል።

ደግሞ አብዛኛው ሰው የማይገባው ነገር አለ። «ለምን በቅርብ ወዳለው ደሴት አልሄዱም?» ይላል ሰው። ማርኬሳስ ደሴቶች በነፋሱ አቅጣጫ ነበሩ፣ ነፋሱ ራሱ ይወስዳቸው ነበር። ሰው በላ አለ ተብሎ ስለሚወራ ፈሩ። ደቡብ አሜሪካ ልንሄድ አሉ። ነፋሱ ደግሞ ከዚያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መጀመሪያ ሩቅ ወደ ደቡብ ወርደው፣ የሚለዋወጠውን ነፋስ አግኝተው፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረባቸው። እንዲህ ያለ መንገድ በስምንት ሜትር ጀልባ! ሰው በላን ፈርተው የሸሹ ሰዎች መጨረሻቸው ምን እንደሆነ ጋሽ ታምሩ ጽፈውታል። በፊልሙ ላይ ይህ ውሳኔ ቶሎ ነው የታለፈው። እኔ ብሆን ካርታውን አውጥተው ሲከራከሩ አሥር ደቂቃ እሰጠው ነበር።

የተዋናዮቹን መክሳት ግን አደንቃለሁ። ሄምስዎርዝ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ብቻ እየበላ ነው የሠራው። ፊቱ የሜካፕ ፊት አይደለም።

ኤልሳ (ሐይፋ)

ሰላም ሁላችሁ። እኔ ያለሁት ወደብ ከተማ ነው፣ መርከብ በየቀኑ አያለሁ። በዮም ኪፑር፣ በአይሁድ የማስተሰረያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ የዮናስ መጽሐፍ ይነበባል። በዚህ ዓመት ሲነበብ ይህ ፊልም ነው ትዝ ያለኝ።

የምጠይቀው አለኝ። ጥርት ባለ ቅጂ ነው ያየሁት። ጥርት ሲል ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። መርከቧ ላይ ጥቁር ሰዎች አሉ። ከኋላ ቆመዋል፣ ገመድ ይጎትታሉ፣ ጀልባው ላይ ይቀዝፋሉ። ከዚያ አይታዩም። እነማን ነበሩ? ጋሽ ታምሩ ያውቁ ይሆን?

ጋሽ ታምሩ

ልጄ ኤልሳ፣ ይህን በመጠየቅሽ ተባረኪ። እኔ ነበርኩ መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝ።

መርከቧ ስትሰጥም ከሃያዎቹ ስድስቱ ጥቁሮች ነበሩ። ስማቸው ይታወቃል። ሪቻርድ ፒተርሰን፣ ሎውሰን ቶማስ፣ ቻርልስ ሾርተር፣ አይዛያ ሼፐርድ፣ ሳሙኤል ሪድ፣ ዊልያም ቦንድ። ሰባተኛው ሄንሪ ዴዊት ከጥቂት ወራት በፊት ኢኳዶር ላይ ከመርከቧ ጠፍቶ ወርዷል። ያ ነው ያተረፈው። ከስድስቱ አንድም አልተረፈም። የተረፉት ስምንቱም ነጮች ናቸው።

ፒተርሰን ዕድሜው የገፋ ሰው ነበር። በቼዝ ጀልባ ውስጥ ጸሎት የሚመራው እሱ ነው። ጥር 20 ቀን 1821 የዕለት ብስኩቱን አልወስድም አለ፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብሎ። በዚያው ቀን ሞተ። በማግስቱ ባሕር ውስጥ ቀበሩት። በሌሎቹ ጀልባዎች ደግሞ ተከታትለው የሞቱትና መጀመሪያ የተበሉት አራቱም ጥቁሮች ናቸው። ናትናኤል ፊልብሪክ በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በግልጽ ያነሳዋል። ፊልሙ የተሠራው ከዚያው መጽሐፍ ነው። ፊልብሪክ፣ ጥቁሮቹ ሲነሱም የምግባቸው ሁኔታ ከናንታኬት ልጆች የባሰ ስለነበር ሰውነታቸው ቀድሞ ሳይደክም እንዳልቀረ ይናገራል። ተገድለው ነው የሚል ማስረጃ የለም። ግን አራት በተከታታይ ሲሆን ማንም ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት።

በፊልሙ ፒተርሰንና ቦንድ በስማቸው አሉ። ፒተርሰንን ወጣት ተዋናይ ነው የሠራው። ያ የሚጸልይ ሽማግሌ የለም።

ስለ ዮናስ ካነሳሽ፣ እኛም ጾመ ነነዌ አለን፤ ሦስት ቀን። በግዕዝ ዮናስን የዋጠው «ዐንበሪ» ነው። ዓረቦች «ዐንበር» የሚሉት ቃል ሽቶ የሚሠራበትን ነገርም፣ ያንኑ የስፐርም ዓሣ ነባሪንም ይጠራል። ስለዚህ ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ዳዊት

ጋሽ ታምሩ፣ የፒተርሰንን ነገር አላውቅም ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ማርታ (ዱባይ)

ጥሩ ውይይት ነው። ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ የመርከብ ታሪክ ይወዳል። ዲስኩን ከአሜሪካ ባስልክለት ይሠራለታል? ከዚህ በፊት አንድ ሱቅ የሸጠልኝ ዲቪዲ አልከፍት ብሎ ገንዘቤ ቀልጧል።

ስንታየሁ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ማርታ እህቴ፣ ዲቪዲ ከሆነ ተጠንቀቂ። ዲቪዲ ዓለምን በስድስት ክልል ነው የሚከፍለው። አሜሪካ 1 ነው። ዱባይና አውሮፓ 2። ኢትዮጵያ 5። ያንቺ ዲቪዲ አልከፍት ያለው በዚህ ይሆናል። ብሉሬይ ሦስት ክልል ብቻ ነው ያለው። አሜሪካ «ኤ»፣ አፍሪካም መካከለኛው ምሥራቅም አውሮፓም «ቢ»። ግን ይህን ፊልም ያወጣው ዋርነር ብራዘርስ ብሉሬዮቹን ብዙ ጊዜ በክልል አይቆልፍም። ከመግዛትሽ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ምልክት እይ። 3ዲም የሚባል አለ፣ ለሱ ልዩ ቲቪና መነጽር ይፈልጋል። ፊልሙ ከተቀረጸ በኋላ ነው ወደ 3ዲ የተለወጠው። ወንድምሽ ተራውን ይውሰድ፣ ምንም አይቀርበትም።

ዲስኩ ላይ ሮን ሃዋርድ በቀረጻው ጊዜ የያዘው የቪዲዮ ማስታወሻ አለ። ተቆርጠው የወጡ ትዕይንቶችም አሉ። ከሁሉ የወደድኩት ጋሽ ታምሩ ስላነሱት ስለ ፖላርድ ሁለተኛ መርከብ የሚያወራው ነው። ስብርባሪው ከባሕር ሥር ተገኝቷል። የአማርኛ ጽሑፍ ግን የለውም፣ ያ ያሳዝናል።

አንድ ምክር ለሁላችሁ። ቲቪያችሁን «ቪቪድ» ከሚለው አውጡና «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» አድርጉት። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ነገር አጥፉት፣ ፊልሙን የቲቪ ድራማ ያስመስለዋል። መጋረጃ ዝጉ። ይህ ፊልም ብርሃን ባለበት ክፍል አይታይም።

ባሕረኛው፣ ስለ ሰማያዊው ያልከው ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ትናንት ደግሜ ሳየው፣ ሰዎቹ ደሴቲቱን ለቀው ሲወጡ ባሕሩ በጠራራ ፀሐይ ቢታይ ብዬ አሰብኩ። የባሰ ያስፈራ ነበር። ኤልሳ፣ አንቺ ያልሽውንም ፈለግሁት። ጥቁሮቹን መርከበኞች አቁሜ አቁሜ አየኋቸው። ፊታቸው ይታያል። እያንዳንዱ የላብ ጠብታ ይታያል። ፊልሙ ግን አጠገባቸው አይቆምም። ያንን ዲስክ አያመጣውም።

ሐና (ሳሪስ)

ተመልሻለሁ። ዳዊት ጋብዞኝ እሑድ ስቱዲዮው ሄጄ አየሁት። በትልቅ ስክሪን፣ በጥሩ ስፒከር። ማዕበሉ ላይ ወንበሩን ይዤ ነበር።

የካፒቴኑና የመኮንኑ ጠብ አሁንም አላሳመነኝም። የሽማግሌውን ክፍል ግን በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። በፍላሹ ቅጂ ሁለት ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነበሩ። አሁን ሽማግሌውን ኒከርሰን ሆኖ የሚሠራው የብሬንዳን ግሊሰን ዓይን ይታያል፣ ሲሸሽ፣ ሲመለስ። «በላን» የሚለውን ሊናገር ሲል አገጩ ይንቀጠቀጣል። ከአጠገቡ መብራት አለ። በዚያ ዘመን ናንታኬት ውስጥ የሚነደው ምን እንደሆነ ጋሽ ታምሩ ስለነገሩን መብራቷን ነበር የማየው። ያንን ሁሉ ሲናገር የሚያበራለት ያው ዘይት ነው።

ጋሽ ታምሩ፣ ስለ ሪቻርድ ፒተርሰን ሌላ የሚያውቁት ካለ ይጻፉልኝ። እጠብቃለሁ።